«ጎርፉ ይወስደዋል»፦ በደቻቱ አሸዋ ላይ ስለሚደፋ ቆሻሻ

ከከዚራ ተነሥቶ ወደ መጋላ የሚሻገር መንገደኛ ደቻቱን ሳያይ አያልፍም። በአብዛኞቹ የዓመቱ ቀናት ደቻቱ ውኃ የማይታይበት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ፍየሎች ያቋርጡታል፤ አሸዋ የሚዝቁ ሰዎችም ይሠሩበታል። በአንድ የበጋ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ በዳርቻው ስንጓዝ፣ የአህያ ጋሪ የሚነዳ ወጣት ስድስት ያህል ሙሉ ማዳበሪያዎች ከጋሪው እያወረደ ወደ አሸዋው ሲዘረግፍ አገኘነው። ከማዳበሪያዎቹ የወጣው የተሰባበረ ሴራሚክ፣ የሲሚንቶ ወረቀት፣ የላስቲክ ከረጢትና ከጋራዥ የመጣ የሚመስል በዘይት የራሰ ጨርቅ ነበር። ለምን እዚህ እንደሚጥለው ጠየቅነው። ወጣቱ አልደነገጠም። «ችግር የለውም አቦ! ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይወስደዋል፣ ጋሼ» አለን።

የወጣቱ መልስ በፊዚክስ ሚዛን ሲመዘን ግማሹ እውነት ነው። ጎርፉ በእርግጥ ይወስደዋል። ወዴት እንደሚወስደው፣ በስንት ጊዜ እንደሚያደርሰውና በማን ደጃፍ እንደሚያራግፈው ግን መልሱ አይናገርም። ከዚህም ሌላ ጎርፉ ቆሻሻውን ሲወስድ ማን እንደጣለው የሚያሳየውን ማስረጃም አብሮ ይወስዳል። በሕገ ወጥ መንገድ ቆሻሻ የሚደፋ ሰው ከደረቅ ወንዝ የተሻለ ተባባሪ አያገኝም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ በሚሰጠው ፊዚክስ እየታገዝን ያንን ክምር ከአሸዋው ላይ ተነሥተን እስከ መድረሻው እንከተለዋለን፤ የሚጠፋውን ማስረጃም በሜትርና በስሌት ማስቀረት ይቻል እንደሆነ እንመረምራለን።

ከተማዋና ወንዟ

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ከዚራ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎችና በጥላ ዛፎች ታቅዶ በደቻቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲሠራ፣ መጋላ በምሥራቁ ዳርቻ በገበያዎቹ ዙሪያ አደገ። ሁለቱን የከተማዋን ገጽታዎች የሚለያቸው ይኸው የአሸዋ ሜዳ ነው።

የሜዳው እውነተኛ ጌታ ግን ያለው ከከተማዋ ውጭ ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ በደንገጎ አቅጣጫ፣ መሬቱ ከከተማዋ ከፍታ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ርቀት ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚያ ተራራ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል በከተማዋ ሰማይ ላይ ከዋክብት ሊታዩ ይችላሉ። ውኃው ቁልቁለቱን ጨርሶ ከተማዋ መሐል እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜም በቀን የሚቆጠር አይደለም፤ በሰዓት ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ነዋሪው በተኛበት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሎ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አድርጓል።

ለዚያ አደጋ ምክንያቱ ቆሻሻ ነበር አንልም። የዝናቡ ብርታት፣ የተራሮቹ መራቆትና በወንዙ ጉያ ውስጥ የተሠሩት ቤቶች ለአደጋው በቂ ነበሩ። ያንን ሌሊት የምናነሣው ደቻቱ ምን ያህል ቦታ እንደሚያስፈልገው በራሱ አንደበት የነገረን ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። ከአደጋው በኋላ በወንዙ ዳርቻዎች የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። አንድ የጎርፍ ግንብ የሚሠራው ግን ወንዙ ይህን ያህል ወርድና ይህን ያህል ልስላሴ አለው ተብሎ ነው። ስሌቱ የቆመበት ወርድ በየሌሊቱ በገልባጭ መኪና ቢሞላስ?

የተሰረቀው ወርድ

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ሮበርት ማኒንግ የተባለ አየርላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ቀመር ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ በወንዝ ውስጥ የሚሮጥ ውኃ ፍጥነት በጥልቀቱ 2/3ኛ ርቢና በወንዙ ተዳፋትነት ስኩዌር ሩት ልክ ይጨምራል፤ በወንዙ ወለል ሻካራነት ልክ ደግሞ ይቀንሳል። ሻካራነቱ በአንድ ቁጥር ይገለጻል። ለንጹሕ የአሸዋና የጠጠር ወለል 0.035 ብንወስድ፣ ፍርስራሽ፣ ቅርንጫፍና የተጠላለፈ ላስቲክ ለሞላበት ወለል 0.05 መውሰድ የተጋነነ አይሆንም።

ለስሌት እንዲመቸን አንድ የታሰበ ወንዝ እንውሰድ። ወርዱ 100 ሜትር፣ ተዳፋትነቱ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር፣ የጎርፉ ጥልቀት 2 ሜትር ይሁን። በማኒንግ ቀመር መሠረት ውኃው በሰኮንድ 4.5 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በየሰኮንዱም 900 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ውኃ ያልፋል። አሁን በአንዱ ዳርቻ የተደፋ ፍርስራሽ ከወርዱ ላይ 20 ሜትር ወሰደ እንበል። ከተራራው የሚመጣው ውኃ ወንዙ ጠበበ ብሎ አይቀንስም። ያው ውኃ በ80 ሜትር ወርድ ማለፍ ስላለበት ጥልቀቱ ወደ 2.29 ሜትር ከፍ ይላል። የቀረው ወለል በቆሻሻ ምክንያት ከ0.035 ወደ 0.05 ከሻከረ ደግሞ ጥልቀቱ 2.83 ሜትር ይደርሳል። ተማሪዎች ስሌቱን ራሳቸው እንዲሞክሩት እንጋብዛለን፤ ጥልቀቱ በአንድ ሜትር ወርድ ከሚያልፈው ውኃና ከሻካራነቱ ብዜት 3/5ኛ ርቢ ጋር እንደሚሄድ ማስታወስ ይበቃል።

እውነተኛው ደቻቱ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ሣጥን አይደለም። ይጠመዘዛል፣ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ድልድይ ይገጥመዋል። ያም ሆኖ ስሌቱ የሚያሳየው 83 ሴንቲ ሜትር በ2.5 ሜትር ግንብ ውስጥ በሚያልፍ ጎርፍና ግንቡን በሚዘል ጎርፍ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህን ሃያ ሜትር ለመስረቅ ስንት ሌሊት ይፈጃል? 20 ሜትር ወርድ፣ 2 ሜትር ከፍታና 100 ሜትር ርዝመት ያለውን ቦታ ለመሙላት 4,000 ኪዩቢክ ሜትር ፍርስራሽ ያስፈልጋል። በተለምዶ ሲኖትራክ የምንለው ገልባጭ መኪና 16 ኪዩቢክ ሜትር ይጭናል ብንል 250 ጉዞ መሆኑ ነው። በሌሊት አንድ መኪና ብቻ ቢመጣ አንድ ዓመት አይሞላም፤ ሦስት ቢመጡ ሥራው በሦስት ወር ያልቃል። ሌብነቱ የማይታየው ስለዚህ ነው፤ አንድ ክምር ብቻውን ምንም አያደርግምና እያንዳንዱ ሰው የእርሱን ክምር እንደ ኢምንት ይቆጥረዋል።

ጎርፉ የሚወስደውን ነገር መጠን በተመለከተም ተማሪዎቻችን ሁልጊዜ የሚገረሙበት አንድ የቆየ ሕግ አለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዊልያም ሆፕኪንስ የተባለ የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ እንዳሳየው፣ የሚሮጥ ውኃ ሊያንከባልለው የሚችለው የድንጋይ ክብደት ከፍጥነቱ 6ኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ 64 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዝግታ ሲፈስ ግማሽ ኪሎ ጠጠር ብቻ የሚገፋ ውኃ ሁለት ጊዜ ሲፈጥን 32 ኪሎ የሚመዝን የኮንክሪት ስባሪ ያንከባልላል። በከዚራ በኩል የተደፋ የፈረሰ ግድግዳ በታችኛው ሰፈር ያለውን ድልድይ ምሰሶ እንደ መዶሻ የሚመታው በዚህ ሕግ ነው።

ከአሸዋው በታች

እስከ አሁን ያየነው ከአሸዋው በላይ የሚሆነውን ነው። ደቻቱን ደረቅ ብሎ መጥራት ግን ራሱ ስሕተት አለበት። ጎርፉ ባለፈ ቁጥር ከውኃው የተወሰነው በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ወንዙ በአሸዋው ሥር ይፈሳል ብንል ግጥም አይሆንብንም።

በቅድሚያ የላስቲክ ከረጢቱን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ከረጢቶችን ለመቆጣጠር ደንግጎ ነበር። ይህን ውፍረት መነሻ አድርገን፣ ኪዩቢክ ሜትሩ 920 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፕላስቲክ ብንወስድ፣ አንድ ኪሎ ግራም ከረጢት ቢዘረጋ 36 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል። ይህ የአንድ መለስተኛ ክፍል ወለል ነው። በአሸዋ ውስጥ ተደራርቦ የተቀበረ ላስቲክ ውኃው እንዳይሰርግ እንደ ጣራ ይከለክለዋል። ያልሰረገው ውኃ ደግሞ ከላይ ከሚሮጠው ጎርፍ ጋር ይደመራል። እንግዲህ አንዱ ከረጢት ሁለት ጊዜ ይጎዳናል፤ በክረምት ጎርፉን ያበዛል፣ በበጋ የጉድጓዱን ውኃ ያሳንሳል።

ከላስቲኩ ይልቅ የሚያሳስበን የሚሟሟው ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ሄንሪ ዳርሲ የተባለ መሐንዲስ በፈረንሳይዋ ዲዦን ከተማ በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ውኃ እያሳለፈ የከርሰ ምድር ውኃ እንዴት እንደሚጓዝ የሚገልጸውን ሕግ አገኘ። በዚህ ሕግ ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። ውኃ በቀን 20 ሜትር የሚያስተላልፍ ሻካራ አሸዋ፣ በ100 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ የውኃ ገጽና ሩብ ያህል ክፍተት ያለው መሬት ብንወስድ፣ ውኃው በቀን 80 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ጉድጓድ ለመድረስ 1,250 ቀናት ይፈጅበታል፤ ይህም ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ነው። ዛሬ በዘይት የራሰውን ጨርቅ የጣለው ጋራዥ በዚያን ጊዜ ተዘግቶ፣ ጋሪ ነጂውም ሌላ ሥራ ይዞ፣ ክምሩም በጎርፍ ተወስዶ ይሆናል። ብክለቱ ግን ገና መድረሱ ነው። በቆሻሻ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ከባዱ ችግር ይህ በድርጊቱና በጉዳቱ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት ነው።

በድሬዳዋ ጉድጓዶች ላይ የተካሄዱ የሃይድሮጂኦሎጂ ጥናቶች በተወሰኑት ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት አግኝተዋል። ናይትሬት በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል። የናይትሬቱ ዋነኛ ምንጭ መጸዳጃ ጉድጓዶች መሆናቸውን መደበቅ አይገባም። የበሰበሰ ደረቅ ቆሻሻም የበኩሉን ይጨምራል። ሁለቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ በዚህች ከተማ ከላይ የሚደፋውና ከታች የሚጠጣው ተገናኝተዋል።

የመኪና ባትሪን ምሳሌ ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም። በአንድ ባትሪ ውስጥ 10 ኪሎ ግራም ያህል እርሳስ አለ። በመጠጥ ውኃ የሚፈቀደው በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ስለሆነ፣ ይህ እርሳስ ሁሉ ሊሟሟ ቢችል አንድ ቢሊዮን ሊትር ውኃ ከዚያ ወሰን ላይ ያደርስ ነበር። በተግባር እርሳስ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ ይህን ያህል አይሆንም። ደግሞም እርሳሱ ዋጋ አለው፤ ቆራሌው ይገዛዋል። ዋጋ የሌለው አሲዱ ነው፤ እርሱ ነው መሬት ላይ የሚደፋው፣ እርሳስም በውስጡ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግመን አይተናል፦ ከአንድ ዕቃ የሚሸጠው ተለቅሞ የሚመርዘው ይቀራል።

ስለ አሮጌ ጎማ

ጎማ ጎርፍም አያበዛም፣ ውኃም ብዙ አይመርዝም። ይሁን እንጂ ቅርጹ በፊዚክስ ዓይን ልዩ ነው። ጎማን አቁሙት፣ አጋድሙት፣ አዘንብሉት፤ በየትኛውም አቀማመጥ ጥቂት ውኃ ከውስጡ ይቀራል። ጥቁር በመሆኑ የፀሐይን ሙቀት ይይዛል፤ ውስጡ ጥላ በመሆኑ ውኃው ቶሎ አይተንም። የቢጫ ወባና የደንጊ ቫይረስ አስተላላፊ የሆነችው ኤደስ ኤጂፕቲ የተባለችው ትንኝ ከዚህ የተሻለ ቤት አትመኝም። እንቁላሎቿ ደርቀው ለወራት መቆየት ይችላሉ፤ ዝናብ ሲነካቸው በሞቃት አየር በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ትንኝ ይሆናሉ።

ድሬዳዋ ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ያዘ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩትን አልጋ ላይ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ ሲነሣ ተመራማሪዎች ከእስያ የመጣችውን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ከወረርሽኙ ጋር አያይዘዋታል፤ ከታመሙት መካከልም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙ ነበር። ይህች ትንኝ በአብዛኛው የምትራባው ሰው በሠራቸው የውኃ ማጠራቀሚያዎች ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በተጣለ ዕቃ ላይ መጫን አንችልም። ለትንኟ ግን በርሜልም ሆነ የተጣለ ቆርቆሮ ያው ነው።

ማን ነው ወንጀለኛው?

ወደ ጋሪ ነጂው እንመለስ። ሕጉ በቀጥታ ቢነበብ ጥፋተኛው እርሱ ይመስላል። በእጁ ያለው ቆሻሻ ግን የእርሱ አይደለም። ቤቱን የሚያድስ ሰው ወይም ጋራዡን የሚያጸዳ ባለሙያ ጥቂት ብር ከፍሎ «አርቀህ ጣልልኝ» ብሎታል። ከፋዩ ወዴት እንደሚጣል አልጠየቀም፤ አለመጠየቁም በከፈለው ዋጋ ውስጥ ተካቷል።

የነገሩን ሒሳብ በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ባለ መኪና ወደ ተፈቀደው ማስወገጃ መሄዱን ትቶ ወንዝ ውስጥ ቢደፋ በአንድ ጉዞ 1,000 ብር ይተርፈዋል እንበል። ቅጣቱ 20,000 ብር ቢሆንና ከመቶ ጉዞ በአንዱ ብቻ ቢያዝ፣ በአማካይ በአንድ ጉዞ የሚጠብቀው ኪሳራ 200 ብር ነው። 800 ብር ያተርፋል። ወንጀሉን የማያዋጣ ለማድረግ ወይ ቅጣቱ ከ100,000 ብር ማለፍ አለበት፣ ወይም የመያዝ ዕድሉ ከሃያ አንድ በላይ መሆን አለበት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ሐሳቡን ግን ጋሪ ቤከር የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት አብራርቶታል። በእኛ አስተያየት ቅጣት ማክበድ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በሜዳ ላይ ለውጥ የሚያመጣው የመያዝ ዕድልን ማሳደግ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አካባቢን መበከልን በወንጀልነት ፈርጇል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቋል። ከሁሉም ይልቅ ተማሪዎች እንዲያውቁት የምንፈልገው በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 የተቀመጠውን ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ሰው በመቃወም ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቤቱታው ግን ማስረጃ ይፈልጋል።

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ቤተ ሙከራ ባዶ የአሴቶን ጠርሙስ እንኳ ያለ ወረቀት ከበር አይወጣም ነበር። የሰጪው፣ የአጓጓዡና የተቀባዩ ፊርማ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ አሰልቺ የቢሮ ሥራ መስሎን እናማርር ነበር። ቆይቶ እንደገባን ወረቀቱ «ቆሻሻው የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ስም እንዲኖር ያደርጋል።

ወረቀት ብቻውን እንደማያድን ደግሞ የአቢጃን ታሪክ ይመሰክራል። የድሬዳዋ ጎርፍ በደረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም.፣ ፕሮቦ ኮዋላ ከተባለች መርከብ የወረደ 500 ቶን ያህል መርዛማ የነዳጅ ዝቃጭ በኮትዲቯር ትልቅ ከተማ ዙሪያ በበርካታ ቦታዎች በሌሊት ተደፋ። ዝቃጩ አስቀድሞ በአምስተርዳም ወደብ ሊወገድ ታስቦ ነበር፤ የማስወገጃው ዋጋ ከፍ ሲል ግን ተመልሶ ወደ መርከቧ ተጫነ። የኮትዲቯር መንግሥት እንደገለጸው 15 ሰዎች ሲሞቱ ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ሕክምና ፈልገዋል። የአምስተርዳምን ዋጋ ሽሽት የተጓዘውን መርከብና የማስወገጃን ዋጋ ሽሽት የሚጓዘውን የአህያ ጋሪ የሚለያያቸው መጠን ነው፤ ሒሳቡ አንድ ነው።

በሕጋዊ መንገድ የተከማቸ ቆሻሻም ካልተያዘ እንደሚገድል አዲስ አበባ በመራራ መንገድ ተምራለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ ለአሥርተ ዓመታት የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ክምር የሚቆመው በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ነው፤ በውስጡ የሚጠራቀም ውኃ ቅንጣቶቹን እየገፋ ሰበቃውን ሲቀንሰው ቁልቁለቱ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ጋሪ ነጂውን «ወደ ተፈቀደው ቦታ ውሰድ» ስንለው፣ የተፈቀደው ቦታም በምህንድስና የተሠራ መሆን እንዳለበት ማስታወስ ይገባናል።

ክምርን በሜትር መክሰስ

የመያዝ ዕድልን ለማሳደግ ተማሪ ምን ማድረግ ይችላል? ሌሊት ዘብ መቆም የተማሪ ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም አደገኛ ስለሆነ አንመክርም። ክምሩን በማግስቱ መለካት ግን ይቻላል። ከገልባጭ መኪና የተዘረገፈ ፍርስራሽ የሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል፤ ጎኖቹም በራሳቸው ሰበቃ ከ35 ዲግሪ በማይርቅ ማዘንበያ ይቆማሉ። የሾጣጣ ይዘት ከመሠረቱ ዙሪያና ከቁመቱ ይገኛል፦ ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በቁመቱ አባዙ፣ ለ37.7 አካፍሉ። ይህ 37.7 የተባለው ቁጥር 12 በፓይ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ዙሪያው 17.6 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ክምር 16.4 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ይህ የአንድ ሲኖትራክ ጭነት ነው። እንግዲህ በሜትር ብቻ ክምሩ የማን ዓይነት ተሽከርካሪ ሥራ እንደሆነ መናገር ተቻለ፤ የጋሪ ክምር ይህን ያህል አይሆንም።

በዚህ ላይ ቀንና ቦታ ይጨመራል። ቦታን የሚመዘግብ የስልክ ፎቶግራፍ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው በነፃ የሚገኘው የሳተላይት ምስል ነው። ሴንቲኔል ሁለት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በ10 ሜትር ዝርዝር አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ገደማ ያነሣሉ። አንድ ክምር በዚህ ዝርዝር ላይታይ ይችላል፤ በዳርቻው 20 ሜትር ወርድ ሲጠፋ ግን በሁለት ዓመታት ምስሎች መካከል በግልጽ ይታያል። ደመና የሌለበት የድሬዳዋ በጋም ለዚህ ይመቻል። በመጨረሻም ክምሩ ራሱ ይናገራል፤ የሴራሚኩ ቀለም፣ የሲሚንቶው ዓይነት፣ አንዳንዴም በግድየለሽነት የተጣለ ደረሰኝ። መርፌና የሕክምና ዕቃ፣ ባትሪ ወይም ምልክቱ ያልታወቀ ጄሪካን ሲገኝ ግን በእጅ መንካት አይገባም፤ ርቆ ፎቶ ማንሣትና ለሚመለከተው ማስታወቅ ይበቃል።

እኛም ያንን የጋሪ ክምር ለክተነው ነበር። ዙሪያው 5 ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ ከግማሽ ኪዩቢክ ሜትር በታች። በውስጡ ያለው ሴራሚክ ሰማያዊ መስመር ያለው ነጭ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ደቻቱ ሁለት ጊዜ ሞላ። ከሁለተኛው ሙላት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ወደ ቦታው ስንመለስ አሸዋው ጠፍጣፋ ሆኖ ጠበቀን፤ ማንም ምንም ያልጣለበት ይመስል ነበር። ቁልቁል በእግራችን ሄድን። በአንድ ድልድይ ምሰሶ ሥር ከቅርንጫፍና ከላስቲክ ጋር ተጠላልፎ የቆመ፣ ከወገባችን ከፍ ያለ ግድብ አገኘን። ከሥሩ ሰማያዊ መስመር ያላቸው አራት ነጭ ስብርባሪዎች ተሰክተው ነበር።